ስለ ወረርሽኝ በሰማሁ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። በኮሮና ጊዜ ስንት ሰው ተያዘ፣ ስንት ሞተ የሚለውን ካላየሁ አልተኛም ነበር። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ተገኘ ከተባለ ወዲህ ያ ነገር ተመለሰብኝ። ሌሊት ቴሌግራም ላይ አፈጣለሁ፣ ልቤ ይመታል። እናቴ ደግሞ «ያኔም ማስክ አያስፈልግም ብለው መልሰው ግዴታ አደረጉት» ብላ ምንም አትሰማም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ የእርስዎ ብቻ ችግር አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ በኋላ ስልክ ስንደውል እንኳ የምንሰማው ስለ ኮሮና ነበር። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያድናል የሚለው ወሬም በዚያው ስልክ ይመጣል። ያን ሁሉ መለየት ያደክማል። አንዱ ዜና ሲፈልግ ያድራል፣ ሌላው ጆሮውን ይደፍናል። እናትና ልጅ የደከማችሁ በአንድ ነገር ይመስለኛል።

እናትዎ ምክሩ ተቀየረ ማለታቸው ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መጀመሪያ ጤነኛ ሰው ሁሉ ማስክ ያድርግ አላለም። ምልክት የሌለው ሰውም እንደሚያስተላልፍ መረጃው ሲጠራቀም፣ ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ምክሩን ለወጠ። ያሳዘነኝ፣ ለምን እንደተለወጠ ለሕዝቡ በደንብ አለመነገሩ ነው። ስለዚህ አይከራከሯቸው። «እውነትሽን ነው እማዬ፣ ተቀይሯል» ብለው ይጀምሩና ምክንያቱን ይንገሯቸው።

እርስዎ ደግሞ ዜና ባዩ ቁጥር «ታዲያ እኔ ዛሬ ምን ላድርግ?» ይበሉ። ማርበርግ እንደ ኮሮና በትንፋሽ አይዛመትም። ከሰው ወደ ሰው በዋናነት የሚተላለፈው ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው ደምና የሰውነት ፈሳሽ ጋር በመነካካት ነው። ይህን ካወቁ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የሚያዩት ቁጥር ምንም አይጨምርልዎትም። በቀን አንዴ፣ ከእራት በፊት፣ የጤና ሚኒስቴርን ወይም የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን ገጽ ይዩ። በቃ። የቴሌግራም ግሩፖቹን ድምፅ ያጥፉ፤ ስልኩም ሳሎን ይደር።

በሁለት ሳምንት ካልተሻለዎት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጭንቀት የሚታከም ሕመም ነው። ግን የልብ ምት ከደም ማነስ ወይም ከእንቅርት ሆርሞንም ሊመጣ ስለሚችል የደም ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። እስከዚያው ከምሳ በኋላ ቡና ባይጠጡ ጥሩ ነው።