ዘጠኝ ዓመት የቆዩ ጽሑፎቼን ልሰርዛቸው?

ጥያቄ፦ የልብስ ስፌት መኪና የምሸጥበትና የምጠግንበት አነስተኛ ድርጅት አለኝ። ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ስለ መኪና አያያዝ፣ ስለ መለዋወጫና ስለ ብልሽት ወደ ሰማንያ የሚጠጉ ጽሑፎችን አውጥቻለሁ። አሁን ድረ ገጹን እንደ አዲስ የሚሠራልኝ ባለሙያ፣ ጎግል የቆየ ነገር ስለማይወድ የድሮዎቹን በሙሉ እንሰርዛቸው ይለኛል፤ ይህ ካልሆነ ደግሞ የወጡበትን ቀን ወደ ዘንድሮ እንቀይረው ብሏል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱንም እንዳያደርጉ እንመክርዎታለን። ባለሙያዎ ያቀረቧቸው ሐሳቦች ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ የተጠቀሱት ግን ሊርቋቸው የሚገቡ ድርጊቶች ተደርገው ነው። መመሪያው ድረ ገጽን ትኩስ ለማስመሰል ሲባል የቆዩ ጽሑፎችን በብዛት ማንሣት በፍለጋ ውጤት ላይ እንደማይጠቅም በግልጽ ይናገራል፤ ይዘቱ ሳይለወጥ ቀኑን ብቻ መቀየርንም እንዲሁ ይነቅፋል። ባለሙያውን ግን ብዙ አንወቅሳቸውም፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ባዶ መሬት ቢያገኝ ይመርጣል።

ትኩስነት ዋጋ የሚኖረው ጥያቄው ራሱ ትኩስ መልስ ሲፈልግ ነው። የትናንቱን የጨዋታ ውጤት የሚፈልግ ሰው የዓምናው ጽሑፍ አይጠቅመውም። የስፌት መኪና ክር የሚበጥስበት ምክንያት ግን ዛሬም ከዘጠኝ ዓመት በፊት የነበረው ነው፤ መርፌው ደንዝዟል ወይም ተገልብጦ ገብቷል፣ የክር ማጥበቂያው ከልክ በላይ ከርሯል፣ አለዚያም ክሩ ራሱ ከመቆየቱ የተነሣ ደርቋል። ስለዚህ የአንድን ጽሑፍ ዕጣ ከመወሰንዎ በፊት ዕድሜውን ሳይሆን ዛሬም እውነት መሆኑንና የሚፈልገው ሰው መኖሩን ይጠይቁ።

ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልስልዎ ጎግል ሰርች ኮንሶል የተባለው ነጻ መሣሪያ ነው። ድረ ገጽዎ ካልተመዘገበበት ዛሬውኑ ያስመዝግቡት። መሣሪያው እስከ 16 ወር ድረስ ወደ ኋላ ተመልሶ እያንዳንዱ ገጽ በፍለጋ ውጤት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰዎች ምን ብለው ጽፈው እንደደረሱበት ያሳያል። ብዙ ጊዜ ታይቶ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚከፈት ገጽ ካገኙ ሥራዎን ከዚያ ይጀምሩ፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው ርዕሱ ላይ ነው። ለምሳሌ ስለ ክር መበጠስ የጻፉት ጽሑፍ «የጥገና ክፍላችን ምክር ቁጥር 14» የሚል ርዕስ ተሰጥቶት ከሆነ፣ መኪናው ሥራ አስፈትቶት መፍትሔ የሚፈልግ ሰው መልሱ እዚያ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለም። «የስፌት መኪና ክር የሚበጥሰው ለምንድን ነው?» ቢሉት ግን ጠያቂው በራሱ ቃል የተጻፈውን አይቶ ይከፍተዋል።

ጽሑፉን ሲያድሱ አዲስ ገጽ ከፍተው ከመገልበጥ ይልቅ በነበረበት አድራሻ ላይ ያርሙት፤ በዓመታት ውስጥ ከሌሎች ድረ ገጾች የተሰጡት ሊንኮች የሚያመለክቱት ያንን አድራሻ ነውና። የተለወጠ ዋጋ፣ የማይሠራ ስልክ ቁጥር፣ ከገበያ የጠፋ መለዋወጫና የማይከፈት ሊንክ በመጀመሪያ መታረም አለባቸው፤ በተረፈ ዛሬ በጥገና ላይ ሳሉ ያነሡት አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ከሁለት ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል። እርማቱ ከተጠናቀቀ በኋላ የታደሰበትን ቀን መጻፍ ተገቢ ነው። ሰማንያውንም በአንድ ሳምንት ለመጨረስ አይነሡ፤ በወር ሁለት ሦስት በቂ ነው።

የቆየ ጽሑፍ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ የሚያገናኘው መንገድ በማጣቱ ነው። አዳዲሶቹ ከላይ እየተደረቡ ሲሄዱ ወደ ዝርዝሩ ግርጌ ይወርዳል፤ ከዚያ ማንም አይደርስበትም። ስለዚህ ስለ ዘይት አቀባብ አዲስ ሲጽፉ ስለ ቺንጋ መላላት የጻፉትን የድሮ ጽሑፍ በሊንክ ይጥቀሱ፤ በሽያጭ ገጹ ላይም እያንዳንዱን መኪና ከሚመለከተው የአያያዝ ጽሑፍ ጋር ያገናኙ።

ትልቁ አደጋ ያለው ግን በአዲሱ ድረ ገጽ ግንባታ ላይ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩ የኢንተርኔት ገጾች ውስጥ 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ እንደማይገኙ አሳይቷል። የእርስዎም ከእነዚያ እንዳይደመሩ፣ ግንባታው ሳይጀመር የሁሉንም ገጾች አድራሻ በዝርዝር ይያዙ፤ አድራሻው የሚለወጥ ገጽ ካለም ባለሙያው 301 በተባለው ቋሚ ሪዳይሬክት፣ ማለትም የድሮውን አድራሻ የከፈተን ሰው በራሱ ወደ ሌላ አድራሻ በሚያሸጋግር ትእዛዝ፣ ወደ አዲሱ ትክክለኛ ገጽ እንዲመሩት ያስገድዷቸው። ጎግል ሪዳይሬክቱ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል፤ እኛ ግን ጨርሶ ባይነሣ እንላለን። ሁሉንም በጅምላ ወደ መነሻ ገጽ መላክ መፍትሔ አይደለም፤ የፍለጋ ሞተሩ ገጹ እንደጠፋ ሊቆጥረው ይችላል፤ ሰውየውም የፈለገውን ሳያገኝ ይመለሳል።

በአንድ ጉዳይ ላይ ሦስት አጫጭር ጽሑፎች ካሉዎት በአንዱ አጠቃልለው የቀሩትን ወደዚያ ይምሯቸው። ያለፈ የቅናሽ ማስታወቂያንና የበዓል መዝጊያ ቀንን ግን ያለ ጸጸት ይሰርዟቸው።

ጥያቄ፦ መሸጥ ያቆምኩትን ዕቃ ገጽ ላንሣው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ዕቃውን ገዝተው ዛሬም የሚጠቀሙበት ሰዎች ስላሉ ይተዉት። ከላይ ሽያጩ መቋረጡን በግልጽ ይጻፉ፣ የመግዣውን ቁልፍ ያንሡ፣ የሚተካውን ዕቃ በሊንክ ያመልክቱ፤ የአጠቃቀም መመሪያውና የመለዋወጫው መረጃ ግን እዚያው ይቆይ። መለዋወጫ ፈልጎ የመጣ ሰው ዕቃው ሲያረጅበት ምትኩን የሚጠይቀው እርስዎን ሊሆን ይችላል።