የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከከተማው ጫፍ ወደ ፒያሳ የጣልያን ማዕድ

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምንኖረው በአዲስ አበባ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቃሊቲ ውስጥ በዱቄትና ፓስታ ፋብሪካ ስለሠሩ ፓስታ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ፒያሳ ሄደን በጣልያን ምግብ ቤት አንድም ቀን ተቀምጠን አናውቅም። አሁን አባቴን፣ አማቴንና ልጆቼን ይዤ የድሮውን ሰፈር፣ ምግብ ቤቶቹንና ኬክ ቤቶቹን ላሳያቸው አስቤአለሁ። አማቴ ግን አባታቸው አርበኛ ስለነበሩ «አገር ያቃጠለ ሰው ትቶት የሄደውን ምግብ ፍለጋ ይኬዳል ወይ?» ብለው ቅር ተሰኝተዋል። ለእሳቸው ምን ልበላቸው? ከየትስ እንጀምር? የጾም ቀን ቢሆንብንስ ምን እንዘዝ?

መልስ

የተከበሩ አንባቢያችን፣ የአማትዎን ቅሬታ በቀላሉ እንዳያልፉት እንለምንዎታለን። የፋሽስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማይቱ ሕዝብ ላይ የፈጸመው ጭፍጨፋ፣ እንዲሁም የዓድዋ ድል መታሰቢያ የሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል መቃጠሉ፣ የአርበኛ ልጅ ሊረሳው የሚገባ ነገር አይደለም። ስለዚህ «ያለፈ አልፏል» ብለው አይመልሱላቸው፤ ይልቁንም ያ ምግብ በማን እጅ ተጠብቆ እስከ ዛሬ እንደ ደረሰ ይንገሯቸው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው ሲመለሱ፣ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዝዘዋል። ከዚያ በኋላ በእጅ ሙያቸው ሠርተው ለመኖር የፈለጉ ጣልያኖች፣ ግንበኞች፣ መካኒኮች፣ ዳቦ ጋጋሪዎችና ምግብ አብሳዮች በአገሩ ቀርተዋል። እነዚህ ሰዎች የከፈቷቸው ቤቶች ግን ያለ ኢትዮጵያውያን እጅ አንድ ቀን እንኳ አይውሉም ነበር፤ ሊጡን ያቦኩት፣ ስጎውን ያማሰሉት፣ ሌሊት ምድጃውን የጠበቁት የእኛው ሰዎች ናቸው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስና ብዙ ጣልያኖች ሲሄዱ፣ ሙያው ባለበት የቀረው ሠራተኞቹ ጠንቅቀው ስለተማሩት ነው። በእኛ አስተያየት ዛሬ ፒያሳ ላይ አንድ ሳህን ላዛኛ ስናዝዝ የምናከብረው ይህን የኢትዮጵያውያንን ሙያ ነው፤ አማትዎም ይህን ቢሰሙ ቅሬታቸው እንደሚቀልላቸው ተስፋ እናደርጋለን። ባይቀልላቸው ደግሞ አይጫኗቸው።

ለዚህም ሲባል ጉዞውን ከምግብ ቤት ሳይሆን ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ እንዲጀምሩ እንመክራለን። የንጉሠ ነገሥቱ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1930 ተተክሎ፣ በወረራው ጊዜ ጣልያኖች አንሥተውት፣ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰ ነው። ከፊት ለፊቱ ካቴድራሉ፣ በአቅራቢያውም በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይገኛሉ። አማትዎ እዚህ የአባታቸውን ታሪክ ለልጆቹ ቢተርኩላቸው፣ ቀጥሎ ወደ ምግቡ የሚደረገው እርምጃ ከታሪኩ የተነጠለ አይሆንም።

ከቱሉ ዲምቱ ለሚነሣ ቤተሰብ፣ በታክሲ ቃሊቲ ደርሶ ቀላል ባቡሩን መያዝ ይቻላል፤ መስመሩ በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ በኩል እንዲያበቃ የተሠራ ነውና፣ በዕለቱ አገልግሎት መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። አባትዎ በእግር መሄድ የሚከብዳቸው ከሆነ የከተማ አውቶቡስ ይሻላል።

በጠዋት መድረስ ትልቅ ጥቅም አለው። የጥንቶቹ ኬክ ቤቶች የዕለቱን ሥራ በዕለቱ ስለሚሸጡ፣ ከቀትር በኋላ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የተራረፈውን ነው፤ ኤንሪኮ ኬክ ቤት ስሙ የተነሣውና ደንበኞቹ በማለዳ የተሰለፉት በዚሁ የተነሣ ነው። እዚያ ዓይነት ቤት ውስጥ በላዩ ቅባት የበዛበትን ኬክ ትተው፣ ስስ ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ በመካከሉ ክሬም የተደረገበትን ይጠይቁ። ቅጠሉ ሲነከስ የሚሰባበር ከሆነ ሊጡ በቅቤ በትዕግሥት እየታጠፈ የተዳመጠ ነው፤ እንደ እርጥብ ዳቦ የሚሳብ ከሆነ ግን አንድ ቀን አድሯል። ቡናውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 በተከፈተው ቶሞካ ቢጠጡ መልካም ነው፤ በዚያ የቆየው ልማድ ረጃጅሞቹን ጠረጴዛዎች ተደግፎ ቆሞ መጠጣት ስለሆነ፣ ለአባትዎ መቀመጫ ካስፈለገ አስተናጋጁን አስቀድመው ይጠይቁ።

ምሳን በተመለከተ፣ በከተማው ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ካስቴሊ ነው። መሥራቹ ከወረራው በኋላ በአገሩ ከቀሩት ጣልያኖች አንዱ ሲሆኑ፣ ቤቱ የተከፈተውም በ1940 ዓ.ም. ገደማ ነው። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ስለፈረሱና ነጋዴዎችም ቦታ ስለቀየሩ፣ ወደ የትኛውም ቤት ከመሄድዎ በፊት በስልክ ጠይቀው አድራሻውንና የሚከፈትበትን ሰዓት ያረጋግጡ። ይህን ስንጽፍ ልባችን ያዝናል፤ ሕንጻ ሲፈርስ አንድ አብሳይ ለዓመታት የለመደው ምድጃም አብሮ ይሄዳልና። ሰፈሩን ለማየት ማሰብዎን ያደነቅነውም ስለዚህ ነው።

ሲያዝዙ በቤቱ የሚሠራው ፓስታ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ደረቁ ፓስታ ከዱረም ስንዴና ከውኃ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ በጾም ቀን ይበላል፤ በእጅ የሚዳመጠው ጠፍጣፋው ፓስታ፣ ላዛኛና በውስጡ የሚሞላው ራቪዮሊ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አለባቸው። ስለዚህ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በዓቢይ ጾም ከሄዱ ደረቅ ፓስታ በቲማቲም ስጎ፣ ወይም በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በቃሪያ የተሠራውን ይዘዙ። «አትክልት ነው» መባሉ ብቻ በቂ አይደለም፤ የጣልያን አብሳይ አይብ ከላይ መነስነስን እንደ ጨው ስለሚቆጥረው፣ አይብና ቅቤ እንዳይገባ በግልጽ ይናገሩ። ካርቦናራ የሚባለው ፓስታ ደግሞ በባሕሉ የአሳማ ሥጋ ስለሚገባበት፣ በማናቸውም ቀን ሳይጠይቁ አይዘዙት።

ዋጋው ከሰፈር ምግብ ቤት እንደሚበልጥ ይታወቃል። ለቤተሰብ የሚሻለው ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ሳህን አዝዞ እንደ ልማዳችን ተጋርቶ መብላት ነው፤ ልጆቹም በአንድ ጊዜ ብዙ ጣዕም ይለያሉ። ገንዘቡ ካልበቃ ምሳውን ቤት በልቶ፣ ኬኩንና ማኪያቶውን ብቻ ፒያሳ ማድረግ ምንም አያጎድልም።

ለአባትዎ አንድ ነገር እንጨምር። ቃሊቲ የፓስታና የዱቄት ሰፈር የሆነው ከወረራው ዘመን ጀምሮ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የከተማውን ሕዝብ ፓስታ ያበሉት የፋብሪካ ሠራተኞች ግን በፒያሳ ግድግዳዎች ላይ ፎቶግራፋቸው አልተሰቀለም። አስተናጋጁ ወይም አብሳዩ ጊዜ ካገኘ ከአባትዎ ጋር ያስተዋውቋቸው። የዱቄቱን ጥንካሬ በጣታቸው የሚለዩ ሰው ከአንድ ልምድ ካለው አብሳይ ጋር ሲነጋገሩ መስማት ለልጆቹ ከምግቡ የማይተናነስ ትምህርት ነው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)

አነስተኛ ዳቦ ቤት ልከፍት ነው። የፒያሳ የድሮ ዳቦ ቤቶች ዳቦ ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበትና ጥሩ መዓዛ ያለው ሲሆን፣ የሰፈራችን ዳቦ ግን ለስላሳ ሆኖ በማግስቱ የሚፈረፈረው ለምንድን ነው?

መልስ

ዋናው ምክንያት ጊዜ ነው። በሰፈራችን ብዙ ዳቦ የሚጋገረው እርሾው በዝቶበት በአጭር ጊዜ እንዲነሣ ተደርጎ ነው፤ ሊጡ ያብጣል እንጂ ጣዕም ለማፍራት ጊዜ አያገኝም። ጣልያኖቹ የሚከተሉት ዘዴ ለእንጀራ እርሾ ለምታስቀምጥ እናት እንግዳ አይደለም። ከአንድ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት 300 ግራም ያህሉን ማታ ወስደው፣ በ160 ሚሊ ሊትር ውኃና ከአንድ ግራም ባነሰ ደረቅ እርሾ ጠንከር አድርገው ያቡኩ፤ ከድነውም ከ12 እስከ 16 ሰዓት በቀዝቃዛ ቦታ ያሳድሩት። ጠዋት ቀሪውን ዱቄት፣ 20 ግራም ጨውና ውኃ ጨምረው ያቡኩት፤ ጠቅላላው ውኃ ወደ 650 ሚሊ ሊትር ቢደርስ ሊጡ ይለሰልሳል፣ ቀዳዳውም ይከፈታል።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ሊጥ ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎም ያልፍበታል። ከውጭ አገር የተወሰደ አሠራር ሲጠቀሙ እርሾውን ይቀንሱ። ቅርፊቱን የሚያጠነክረው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በምድጃው ውስጥ የሚኖረው እንፋሎት ነው፤ እንፋሎት የሚረጭ ምድጃ ከሌለዎት ዳቦውን ሲያስገቡ በታችኛው መደርደሪያ ላይ በጋለ ትሪ ውኃ ያፍስሱ።

ጥያቄ (ከቡራዩ)

ከጣልያን የመጣ ፓስታ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ ሳበስለው መካከሉ ጥሬ ይሆንብኛል። ጉድለቱ የፓስታው ነው?

መልስ

አይደለም። የተጻፈው ደቂቃ ውኃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ በእኛ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ፓስታው ተጨማሪ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ለ100 ግራም ፓስታ አንድ ሊትር ውኃና 10 ግራም ያህል ጨው ያድርጉ፤ የተጻፈው ጊዜ ሲያልቅ በየደቂቃው አንድ ፍሬ እየቀመሱ ይከታተሉ። መካከሉ ጥቂት ሲቀረው አውጥተው፣ ከተቀቀለበት ውኃ ጭልፋ ጨምረው፣ ከስጎው ጋር በእሳት ላይ ያዋሕዱት።