ሰው አገር ያለ መሐንዲስ፣ ወሎ ያለ ቤተሰብ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ ኮምቦልቻ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ አሜሪካ ገባ። እስከ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያነሣል። በሙያው እንዲሠራ ከዚህ ሆኜ ምን ላግዘው? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እናታችን፣ አብሽሩ፤ መንገድ አለው። በራሱ ፊርማ ንድፍ ለማጽደቅ የስቴት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃድ ካለው መሐንዲስ ሥር ለመሥራት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። ስለዚህ ፈቃዱን እስኪያገኝ መጋዘን ውስጥ መቆየት የለበትም። በኮምፒዩተር ንድፍ ማንሣት፣ የአፈርና የኮንክሪት ላቦራቶሪ፣ የግንባታ ቁጥጥር ከዛሬ ጀምሮ ሊያመለክትባቸው የሚችሉ ሥራዎች ናቸው።

የእርስዎ ድርሻ ሬጅስትራር ቢሮ ነው። ዲግሪውን የሚመዝነው ክፍል ትራንስክሪፕቱን ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ይፈልጋል፤ ልጁ በእጁ የያዘው ኮፒ አይበቃም። የወጪ መጋራት ዕዳው ካልተዘጋ ደግሞ ሬጅስትራሩ አይልክም፤ መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ። ልጅዎ ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፈርሞ ይላክልዎትና አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ። ጽሑፉ ውስጥ «ትራንስክሪፕት ማስላክና ወጪ መጋራት መክፈል» የሚለው በግልጽ ይግባ። የእያንዳንዱን ኮርስ ይዘት የሚገልጸውንም ወረቀት አብረው ያስወጡ፤ ኋላ ሲጠየቅ ለብቻው ማሳደድ አድካሚ ነው።

ብዙ ጉዳይ የሚያስረው የስም አጻጻፍ ነው። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ዲግሪው ላይ በአንድ መልክ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ መልክ ከተጻፈ ሁለት ሰው ይመስላል፤ ሳይላክ ይታረም። ዓመቱንም ይዩ፦ ሰኔ 2008 ተብሎ የተሰጠ ዲግሪ በፈረንጅ 2016 መሆኑ ካልተጻፈ ተማሪው ሳይገባ የተመረቀ ያስመስለዋል።

ለፈቃዱ የሚወሰደው ፈተና ሁለት ነው። ኤፍኢ የሚባለው፣ የምህንድስና መሠረታዊ ዕውቀት ፈተና፣ 110 ጥያቄ ሲኖረው ዕረፍቱን ጨምሮ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ፒኢ የሚባለው የሙያ መሐንዲስነት ፈተና ይከተላል። ለፈቃዱ በብዙ ስቴት 4 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ የሚኖርበትን ስቴት ደንብ ያንብብ።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር መሐንዲስ ነኝ። አባትና እናቴ ኩታበር ገጠር ናቸው፤ አባቴ ለዉዱእ እንኳ ውኃ ከታች ነው የሚያስቀዳው። ብር ብልክ በቂ ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ብሩን ከመላክህ በፊት ስሌቱን ላክ። ለወላጆችህ ከብሩ ይልቅ የሚበጃቸው ሙያህ ነው።

የዝናብ ውኃ ከጣሪያው ማጠራቀም ይቻላል፤ ከቆርቆሮው ጀምር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ቤቱ ከነክፈፉ 8 በ6 ከሆነ 48 ካሬ ይሆናል። ተዳፋቱን ቆርቆሮ ሳይሆን መሬት ላይ የሚያርፈውን ስፋት ለካ። የሚፈነጥቀውንና የሚተነውን ቀንሰህ 80 በመቶውን ብትይዝ፣ 260 ሚሊ ሜትር ዝናብ 10,000 ሊትር ይሞላል። ደሴ ዙሪያ ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን ከዚህ በላይ ይጥላሉ። ለሁለት ሰው በቀን 40 ሊትር ቢሆን ለ250 ቀን ይበቃል፤ በልግ ከጣለ ይተርፋል።

ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 10 ቶን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ በተደለደለ አፈር ላይ ከተቀመጠ በአንድ በኩል ይሰምጥና ሆዱ ይሰነጠቃል። የላዩ አፈር ይነሣ፤ 25 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ንጣፍ ተጠቅጥቆ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ከነፌሮው ይፍሰስበት፤ 7 ቀን ውኃ ይጠጣ። መደቡ ከሮቶው ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ይስፋ።

አሸንዳው በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ፤ ማያዣው ከ60 ሳንቲ ሜትር አይራቅ፤ ከራቀ በክረምቱ ዶፍ መሐሉ ይጎብጣል። በጋውን የተጠራቀመው አቧራና የወፍ ኩስ ሮቶው ውስጥ እንዳይገባ ማውረጃው ላይ ባለሦስት አፍ መገጣጠሚያ ይግባ። አንዱ አፍ ወደ ታች 25 ሊትር ጀሪካን ውስጥ በጥብቅ ይግጠም፤ እሱ ሲሞላ ቀጣዩ ውኃ ወደ ሮቶው ያልፋል። ከጀሪካኑ ሥር በምስማር ቀዳዳ ይበጅለት፤ ለቀጣዩ ዝናብ ራሱን ያጎድላል። ቀዳዳው በጭቃ ሲደፈን ሥራው ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን ለጎረቤት ልጅ አደራ በል።

መቅጃው ከሮቶው ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አተላው ከታች ይቀራል። መግቢያውና መትረፊያው ጥቅጥቅ ወንፊት ይኑራቸው። የሚተርፈው ውኃ ከቤቱ መሠረት ርቆ ይፍሰስ፤ መሬቱ መረሬ ከሆነ አብጦ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ለዉዱእና ለማጠቢያ እንዳለ ይሆናል፤ ለመጠጥ ግን ይፈላ ወይም ውኃ አጋር የሚባለው የውኃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨመርበት።

ክፍያውን በሦስት ክፈለው፦ ሜትር የተዘረጋበት የድንጋይ ንጣፍ ፎቶ ሲደርስህ፣ ኮንክሪቱ 7 ቀን ሲሞላው፣ በመጨረሻም አሸንዳው ላይ በባልዲ ውኃ ተደፍቶ ሲወርድ በቪዲዮ ስታይ። ከተሸፈነ በኋላ የተነሣ ፎቶ ምንም አያሳይህም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሜሪካ ድልድይ ሥራ ላይ ነው። ለጥምቀትና ለግሸን ማርያም ፈቃድ መጠየቅ ይፈራል፤ አብሮት ያለው የከሚሴ ልጅም ለጁምዓ ይቸገራል። (ከወልድያ)

መልስ፦ እህታችን፣ በ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ሥራው በብርቱ ካልተጎዳ በቀር የእምነት ጥያቄን ማስተናገድ አለበት። ጥያቄው በጽሑፍ፣ ከነቀኑና ከነማካካሻው ይቅረብ፦ «ዓርብ የምሳ ሰዓቴን ከጁምዓ ጋር አድርጉልኝ፤ ጠዋት ቀድሜ እገባለሁ»። ኮንክሪት በሚሞላበት ቀን ጠዋት ተነሥቶ መጠየቅ ግን ራስን ማስከልከል ነው።

ቀኖቹን ባለቤትሽ ከወዲሁ ይስጣቸው፦ መስቀል ሴፕቴምበር 27፣ ግሸን ኦክቶበር 1፣ ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19። በዘመነ ዮሐንስ መስቀል፣ ግሸንና ጥምቀት እያንዳንዳቸው አንድ ቀን ወደ ፊት ይገፋሉ፤ ገና አይገፋም። ዒድ በጨረቃ ስለሚታወቅ የከሚሴው ልጅ ሁለት ተከታታይ ቀን ይጠይቅና ሲረጋገጥ አንዱን ይመልስ።