«ጋሼ፣ ቅዳሜ ትመጣለህ?»

ባለፈው እትም «የሌላ ሰው ልጅ የምታስጠኑ፣ የምትመክሩ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ጻፋችሁ። አንዳንዱ ደብዳቤ አራት ገጽ ነው፣ አንዳንዱ ሁለት መስመር። ለዛሬ ስድስቱን መርጫለሁ። አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ሰው እንዳይለይም ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ። ብዙዎቻችሁ «ሜንቶር» ትላላችሁ። ይሁን። እኔ አፌ ላይ አልገባ ስላለኝ «ታላቅ» እላለሁ፣ ታላቅ ወንድም ታላቅ እህት እንደምንለው።

ልሄድ ስለምችል ይቅርብኝ?

*ጋሼ ሰላም ነው? የባንክ ሠራተኛ ነኝ፣ 27 ዓመቴ ነው። መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ከሚሠሩ ሊስትሮዎች ከአንዱ ጋር ተግባብተናል። 13 ዓመቱ ነው፣ ማታ 5ኛ ክፍል ይማራል። ቅዳሜ ጠዋት ላስጠናው አስቤያለሁ። ችግሩ ለማስተርስ ውጭ አመልክቻለሁ። ከተሳካ በሰባት ስምንት ወር ውስጥ እሄዳለሁ። ልጀምር ወይስ ይቅር?*

«ልጆች መርዳት እፈልጋለሁ» ብለህ አልጻፍክልኝም፣ «ይህን ልጅ» ነው ያልከኝ። ደስ ብሎኛል። ያስጨነቀኝ ያ ስምንት ወር ነው።

በፈረንጆቹ 1904 ኒው ዮርክ ውስጥ ኧርነስት ኩልተር የሚባል የሕፃናት ፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ በየቀኑ ዳኛ ፊት የሚቆሙት ልጆች አንጀቱን ቢበሉት፣ አንድ አንድ ልጅ የሚይዙ ፈቃደኞች መፈለግ ጀመረ። ዛሬ ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ የሚባለው ድርጅት ከዚያ የመጣ ነው። በፈረንጆቹ 1995 በዚህ ድርጅት ስር ባሉ 959 ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። ታላቅ የተመደበላቸው ልጆች፣ ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ጋር ሲነጻጸሩ ዕፅ የመጀመር ዕድላቸው በ46 በመቶ ያነሰ ነበር። ይኼን ቁጥር ሁሉም ይጠቅሰዋል። ብዙ የማይወራለት ከዚያ የቀጠለው ነው። በፈረንጆቹ 2002 ግሮስማን እና ሮድስ የሚባሉ ተመራማሪዎች የእነዚያኑ ልጆች መረጃ እንደገና ሲያገላብጡ፣ ትልቁን ጥቅም ያገኙት ታላቃቸው ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየላቸው ሆነው ተገኙ። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ደግሞ ለራሳቸው ያላቸው ግምት ጭራሽ ወርዶ ነበር።

እኔ ይኼን ከጥናት አይደለም የተማርኩት። የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት ፒያሳ አካባቢ አንድ ሊስትሮ አስጠና ነበር። ቅዳሜ 3 ሰዓት፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ። ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጣሁ። አልነገርኩትም። ስልክ የለውም፣ «ቢቀርስ ምን ይሆናል» አልኩ መሰለኝ። ሦስት ቅዳሜ ቀረሁ። በአራተኛው ስመጣ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ደብተሩን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዟል። ዘበኛው «ገበያውን ጥሎ ሁልጊዜ በሰዓቱ ይመጣል» አለኝ። ደብተሩን ስገልጠው የሰጠሁትን አሥር የክፍልፋይ ጥያቄ አራት ጊዜ ሠርቶታል። ሌላ ስላልሰጠሁት ያንኑ እየደጋገመ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ በተለያየን ቁጥር «ጋሼ፣ ቅዳሜ ትመጣለህ?» ይለኝ ጀመር። ከዚያ በፊት ጠይቆኝ አያውቅም።

ስለዚህ ብቻህን አትጀምር። ከመሥሪያ ቤትህ አንድ የማይሄድ ሰው ፈልግና ለሁለት ያዙት፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ልጁ ሁለታችሁንም ይልመድ። ልትሄድ እንደምትችልም ዛሬውኑ ንገረው። ሁለተኛ ሰው ካጣህ ይቅርብህ፣ አንደኛውን የክረምት በጎ ፈቃድ ላይ ወረዳህ ሄደህ ተመዝገብ። እዚያ ልጆቹም ትምህርት ሲከፈት እንደሚያልቅ አውቀው ነው የሚመጡት። በነገራችን ላይ ሰዓቱን ልጁ ይምረጥ። ቅዳሜ ጠዋት ለሊስትሮ ገበያ ነው፣ በተለይ ዝናብ ካባራ። እኔ 3 ሰዓት ያልኩት ለእኔ ስለተመቸኝ ነበር።

እናትየው ብር ትጠይቀኛለች

*41 ዓመቴ ነው፣ ጉለሌ ነው የምኖረው። የሰፈራችንን አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ ለሚኒስትሪ አስጠናታለሁ። ጎበዝ ናት። እናቷ መጀመሪያ ለቤት ኪራይ 3000 ብር ጠየቀችኝ፣ ሰጠሁ። ቀጥሎ ለመድኃኒት፣ ቀጥሎ ለወንድሟ ስልክ። አሁን ስልኬ ሲጮህ ልቤ ይመታል። ልጅቷ ደግሞ ዓይኔን ማየት ትታለች። ልተው ወይ?*

አትተዪ። ልጅቷ ዓይንሽን የማታየው ስላፈረች ነው። ጠያቂዋ እናቷ፣ የምታፍረው እሷ። በ14 ዓመት ይኼ ከባድ ነው።

እናትየዋን ልጅቷ በሌለችበት፣ ቤቷ ሄደሽ አነጋግሪያት። በስልክ አይሆንም። ቡና ስትጠጡ በቀጥታ ንገሪያት፦ «እኔ ያለኝ ጊዜ ነው፣ እሱን እስከ ፈተናው አላጓድልባትም፣ ከዚህ በኋላ ግን ብር የለኝም።» ምክንያት አትደርድሪ። ምክንያት ከደረደርሽ እያንዳንዱ ምክንያት መልስ ይኖረዋል፣ አንቺም ስታስረጂ ትመሺያለሽ። ትቀየምሽ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ነው የሚቆየው።

ከዚያ የሚገኘውን አብራችሁ ፈልጉ። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ጀምሮ ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ይሰጣል፣ ልጅቷ እያገኘች እንደሆነ ጠይቂ። ለኪራዩ እድርና ዘመድ አለ፣ ወረዳው አለ። አንቺ እድር አይደለሽም።

ይኼን ስል «አምስት ሳንቲም አይውጣ» እያልኩ አይደለም። የራበው ልጅ ሒሳብ አይገባውም። እኔ ሁልጊዜ አምባሻ ይዤ ነው የምሄደው። ግን ቆርሰን አብረን እንበላለን። አንድ ጊዜ በፌስታል አሽጌ «ለቤት ውሰድ» ያልኩት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ቀረ። እናቱ «ለማኝ አደረግከን» ብላው ኖሮ! አንዷ ስትጠይቅ ሌላዋ ትቀየማለች፣ ምን ታደርጊዋለሽ።

ወንድ ነኝ፣ የማስጠናት ሴት ናት፣ ሰው ያወራል

ደብዳቤው ረጅም ነው፣ ርዕሱ ግን ይበቃል። ወንድሜ፣ ሰው ቢያወራ እውነት አለው። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው፣ አንተ 30። ሰው በሚያልፍበት ቦታ አስጠና፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም የወጣት ማዕከል። ወላጆቿ ቀኑንና ሰዓቱን ይወቁ። ማታ ቴሌግራም ላይ «ምን እየሠራሽ ነው» የሚባል ነገር አይኑር፣ ለትምህርትም ቢሆን። ከሁሉም የሚሻለው እህትህን ወይም አንዲት የሥራ ባልደረባህን ታላቅ አድርገህላት፣ አንተ የምታውቀውን ፊዚክስ ብቻ ብታስረዳ ነው። እዚህ ላይ አልደራደርም። «ንጹሕ ሰው ነኝ እኮ» ብለሃል። አምንሃለሁ። ልጅቷ ግን ሰፈር ውስጥ ስሟ አንድ ጊዜ ከተነሣ የአንተ ንጽሕና አይመልስላትም።

ምግብ ቤቱ እስከ እኩለ ሌሊት ያቆየዋል

*የምረዳው ልጅ 16 ዓመቱ ነው። ከገጠር መጥቶ አንድ ምግብ ቤት ዕቃ ያጥባል። የማታ ተማሪ ነው፣ ግን በሳምንት ሦስት ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚያቆዩት ክፍል ያመልጠዋል። ሥራውን እንዲተው ልምከረው?*

ከተወ የት ያድራል? ብዙዎቹ የሚያድሩት እዚያው የሚሠሩበት ቤት ነው። ደመወዙንም ከፍሎ አገር ቤት ይልክ ይሆናል። ስለዚህ «ተው» የምትለው ሌላ አልጋና ሌላ ሥራ ካዘጋጀህ ብቻ ነው።

ሕጉ ከልጁ ጋር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓትም ማሠራት ክልክል ነው። እኩለ ሌሊት የሚባል ነገር የለም።

ነገር ግን አዋጅ ይዘህ እንዳትገባ። ልጁን ነው የሚያባርሩት። መጀመሪያ ደንበኛ ሁን። አንድ ሁለት ቀን ምሳ ብላ፣ ባለቤቱን ወይም ባለቤቷን ሰላም በል፣ ልጁ ወንድምህ እንደሆነ አድርገህ ተናገር፦ «ይኼ ልጅ ይማርልኝ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይውጣ፣ ጠዋት ቀድሞ ይግባ።» አንድ ሰው ከኋላው እንዳለ ሲያውቁ ብዙ ነገር ይለወጣል። የማያውቁትን ልጅና ጠያቂ ያለውን ልጅ እኩል አያሠሩም፣ ያሳዝናል ግን እንዲህ ነው። እምቢ ካሉ ያኔ የወረዳው ሠራተኛ ጉዳይ ጋ ሂድ። ከዚያ በፊት ግን ማደሪያውን አስብ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ ደሴ ያለ ልጅ

*አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር ነርስ ነኝ። ደሴ ያለችው የአክስቴ ጎረቤት ልጅ 12ኛ ተፈትኖ አላለፈም፣ ቤት ተቀምጧል። «አበርቺው» ተብዬ መደወል ጀመርኩ። መጀመሪያ ደስ ብሎት ያወራኝ ነበር። አሁን ስልክ አያነሣም። ያነሣ ቀን ደግሞ «ፕሮሰስ ጀመርሽልኝ?» ነው የሚለኝ።*

እህቴ፣ አንቺ ምክር እየሰጠሽ ነበር፣ እሱ ቪዛ እየጠበቀ። ማንም አላጠፋም። ከአሜሪካ የሚደወል ስልክ ደሴ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

የሚቀጥለው ስልክሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፦ «ላወጣህ አልችልም፣ በየሳምንቱ ልደውልልህ ግን እችላለሁ፣ ትፈልጋለህ?» ምናልባት «ቻው» ይልሻል። ከዚያ በኋላ ራሱ ከደወለ ግን እውነተኛው ነገር ያኔ ተጀመረ።

እሱ ደግሞ ሰነፍ ስለሆነ እንዳይመስልሽ። በ2014 ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015 ደግሞ 3.2። ከክፍል ሙሉ ልጅ አንድ አለፈ ማለት ነው፣ ያውም ካለፈ። ብዙ ልጆች «ደደብ ነኝ» ብለው ደምድመው ነው ቤት የተቀመጡት። አንድ ሰው ይኼን ቁጥር ጮክ ብሎ ቢነግረው ግማሽ ሸክም ይወርድለታል። ከዚያ ሪሚዲያል የሚያስገባ ውጤት አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ካልሆነ በግል መፈተን አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ። ለእኔ ቴክኒክና ሙያን ከነውር የሚቆጥር ሰው የተቃጠለ ምጣድ የሚሠራለት ሰው ፈልጎ አያውቅም።

ስልኩን እንደ ሺፍትሽ ቁጠሪው። አንቺ ጋ በጋ ላይ የሰባት ሰዓት ልዩነት ነው፣ ክረምታችሁ ሲገባ ስምንት ይሆናል። ደሴ ላይ ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት ብትይ፣ በበጋ አንቺ ጋ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ሰዓት ሲቀየር እሱን አታንቀሳቅሺው፣ አንቺ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ተነሺ።

ሌላም ልጨምርልሽ። እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ከአገር ቤት የመጡ፣ እንግሊዝኛው የከበዳቸው፣ ወላጆቻቸው ሁለት ሥራ የሚሠሩ ልጆች ሞልተዋል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በር ላይ ቆመሽ ብትጠይቂ አታጪም። ፊት ለፊት ቁጭ ማለት ከስልክ ይቀላል።

ታላቄ ይመክረኛል፣ ይመክረኛል

*ጋሼ፣ እኔ ተረጂ ነኝ። 17 ዓመቴ ነው። የሚያግዘኝ ሰው ጥሩ ሰው ነው፣ በየሳምንቱ ሻይ ይጋብዘኛል። ግን ከተቀመጥን እስክንነሣ «እኔ በአንተ ዕድሜ» ነው። እሱ ጫማ አልነበረውም፣ እሱ በኩራዝ አጥንቷል። እኔ ዝም እላለሁ። እንዴት ልንገረው?*

ከሁሉም ደብዳቤ ያሳቀኝ የአንተ ነው፣ ምክንያቱም እኔም ኩራዝ አለኝ።

በግንባር ከከበደህ ጥያቄ ይዘህ ሂድ። በሚቀጥለው ሳምንት ገና ስትቀመጡ፣ እሱ ሳይጀምር፣ «ጋሼ ዛሬ አንድ ነገር ላማክርህ» በለው። እውነተኛ ነገር ይሁን። የምትፈራውን ፈተና፣ ከጓደኛህ ጋር የተጣላህበትን፣ የማታ ሥራ ልጀምር ወይ የሚለውን። ሰው የሚመክረው ብዙ ጊዜ ምን እንደተፈለገ ስላላወቀ ነው። አፉን መዝጋት ይፈራል፣ ዝም ካለ የማይጠቅም ይመስለዋል። ሥራ ስጠው። አሁንም ወደ ኩራዙ ከተመለሰ «ጋሼ ይኼን ነግረኸኛል» ብለህ ሳቅ። አይሞትም።

ታላቁ ወንድም፣ ይኼን እያነበብክ ከሆነ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ልጁ ሻዩ ላይ ስንት ማንኪያ ስኳር ነው የሚያደርገው?