ፑቲን ለምን በሩን ከፈቱ? የሳምንቱ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ኤድዋርድ ስኖውደን ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ጉድ ፈላ። ያልኩት "ሩሲያ ጥገኝነት የሰጠችው ለሰብአዊነት ብላ አይደለም" ነው፣ በቃ ይኼው ነው። ግማሹ የፑቲን ጠበቃ ሆኖ መጣብኝ፣ ግማሹ የአሜሪካ። ስድቡን ልተወውና ጥያቄ ያላቸውን ልመልስ። ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፦ ሰውዬው መጀመሪያ ማነው? ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ስሙን ብቻ ነው ማውቀው። (ከአዳማ)

በ2013 ሃዋይ ውስጥ ቡዝ አለን ሃሚልተን በሚባል ካምፓኒ በኩል ለአሜሪካው የስለላ መስሪያ ቤት ለኤንኤስኤ በኮንትራት ሚሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር፣ ሰላሳ ዓመት እንኳን አልሞላውም። ሜይ ላይ ዶክመንቶቹን ይዞ ሆንግ ኮንግ ገባና ለጋዜጠኞች አስረከበ፣ ጁን ላይ የእንግሊዙ ጋዜጣ ጋርዲያን ማተም ጀመረ። የመጀመሪያው ዜና ቬራይዘን የሚባለው የስልክ ድርጅት የሚሊዮኖችን የጥሪ መዝገብ በየቀኑ ለመንግሥት እንዲያስረክብ በሚስጥር ፍርድ ቤት መታዘዙን ሚያሳይ ነው። በ2020 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ራሱ ያ አሰባሰብ ህገወጥ ነበር ብሏል። ክሱ ግን እስከ ዛሬ አለ፣ ሦስት ክስ ነው፣ ሁለቱ በ1917 በወጣው የስለላ ህግ፣ እያንዳንዱ እስከ 10 ዓመት ሚያስቀጣ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ንፁህ ከሆነ ከዓለም አገር ሁሉ ሞስኮን ምን አስመረጠው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁሉም ሚስተው እዚች ጋ ነው። እሱ እንደሚለው ሞስኮ መሸጋገሪያ ነበረች፣ ከዛ በሃቫና አድርጎ ኢኳዶር ሊገባ ነበር። አሜሪካ ፓስፖርቱን ሰረዘችው፣ ሆንግ ኮንግ ደግሞ "ያዙልን" ስትባል ወረቀቱ አልተሟላም ብላ ለቀቀችው፣ ምክንያቱን ስትሰሙ ትስቃላችሁ፣ የመሃል ስሙ አንዱ ወረቀት ላይ ጄምስ ሌላው ላይ "ጄ" ብቻ ተብሎ ተፅፎ ነበር፣ ትክክለኛው ጆሴፍ ነው። እኛ አገር ቀበሌ ስሜን በሃሌታው ሀ ፃፈው ብለን ስንመላለስ እንደምንከርመው ማለት ነው። ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ ኦባማና የቻይናው ሺ ጂንፒንግ እዛው ጁን ላይ ካሊፎርኒያ መገናኘታቸው ነበር፣ ሺ ፕሬዝዳንት ከሆኑ ወዲህ የመጀመሪያቸው፣ ቤጂንግ ይሄን ትኩስ ድንች ይዛ መቀመጥ አልፈለገችም የሚለው ግምት ለኔ ያሳምነኛል። ብቻ ጁን 23 ሞስኮ ሸረሜትየቮ ኤርፖርት አረፈ፣ በማግስቱ ጋዜጠኞች ተሯሩጠው የሃቫናውን በረራ ተሳፈሩ፣ ወንበሩ ባዶ! ሳያገኙት ኩባ ደርሰው ተመለሱ። እሱ አርባ ቀን ያህል ትራንዚት ውስጥ ተቀመጠ። ስለዚህ ሞስኮ ላይ እንዲቀር ካደረጉት አንዷ ራሷ አሜሪካ ናት፣ ፓስፖርቱን ባትሰርዘው ምናልባት ዛሬ ኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ ሆኖ ስፓኒሽ ያወራ ነበር።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ፑቲን ምን አገኙበት ታዲያ? ለሳቸው ምን ይጠቅማቸዋል አንድ ልጅ? (ከአዲስ አበባ)

መጀመሪያ አካባቢ ራሳቸውም እርግጠኛ ሚመስሉ አልነበሩም። ጁን 25 ፊንላንድ ሆነው ምን አሉ መሰላችሁ፣ ነገሩ የአሳማ ግልገል እንደ መሸለት ነው፣ ጩኸቱ ብዙ ፀጉሩ ትንሽ። ጁላይ 1 ደግሞ እዚህ መቅረት ከፈለገ አሜሪካውያን ወዳጆቻችንን መጉዳቱን ያቁም አሉ፣ ከኔ አፍ ሲወጣ ይገርማል እያሉ። ስኖውደን ይሄን ሲሰማ ማመልከቻውን ሳበ። በኋላ ሌላ መንገድ ሲያጣ ነው ተመልሶ የጠየቀው፣ ኦገስት 1 የአንድ ዓመት ጊዜያዊ ጥገኝነት ሰጡት።

ጥቅሙን ለማየት ከዛ በፊት የነበረውን አስታውሱ። በ2012 ዲሴምበር አሜሪካ የማግኒትስኪን ህግ አውጥታ የሩሲያ ባለሥልጣናትን በሰብአዊ መብት ስም ጥቁር መዝገብ ላይ አስገባች፣ ሞስኮ ደግሞ አሜሪካውያን የሩሲያ ህፃናትን በማደጎ እንዳይወስዱ ከለከለች። ሩሲያዊው የጦር መሣሪያ ነጋዴ ቪክቶር ቡት በ2010 ከታይላንድ ተጎትቶ ኒውዮርክ መወሰዱም ገና አልወጣላቸውም ነበር። በዚህ መሃል የዓለምን ስልክ ስትጠልፍ የኖረችው አሜሪካ መሆኗን ዶክመንት ይዞ ሚናገር ሰው ኤርፖርታቸው ላይ ተገኘ! ማን ይጥለዋል? ያው ጁላይ ላይ የፑቲን ተቃዋሚው ናቫልኒ ኪሮቭ ውስጥ አምስት ዓመት ተፈርዶበት ነበር እኮ፣ የራሳቸውን ተቃዋሚ እያሰሩ የሰው አገር ተቃዋሚ ማስጠጋት ማለት ነው። ደግሞ ያኔ የተሰጠውን ወረቀት አይነት እዩት፣ ጊዜያዊ ጥገኝነት ነበር፣ በየጊዜው ሚታደስ። ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ከያዘ ስለ ሰጪው አገር ስንት ነገር ሊናገር ይችላል? ለነገሩ ልጁ ሩሲያን ተችቶ ያውቃል፣ ሙሉ በሙሉ ዝም አለ አልልም።

ሌላው ለኔ ትልቁ ይሄ ነው። ኤፕሪል 2014 ፑቲን በቴሌቪዥን ከህዝብ ጥያቄ ሚቀበሉበት ፕሮግራም ላይ ስኖውደን በቪዲዮ ገብቶ ሩሲያስ የሰው ስልክ በጅምላ ትጠልፋለች ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ፑቲንም ኧረ በፍፁም፣ እኛ ጋ ሁሉ በህግ ነው አሉ። በዛው ዓመት ጁላይ ላይ የሩሲያውያን ዳታ እዛው ሩሲያ ውስጥ ይቀመጥ የሚል ህግ ፈረሙ፣ ሰበቡ ደግሞ የአሜሪካ ስለላ። ይኸውላችሁ፣ የልጁ ዶክመንት የነሱን አጥር ማጠሪያ ሆነ።

የከፈሉት ዋጋስ? ኦባማ የሞስኮውን ስብሰባ ሰረዙ፣ ሴፕቴምበር ላይ ግን ጂ-20 ብለው ሴንት ፒተርስበርግ ሄዱ። ርካሽ ነው።

ጥያቄ፦ አታድበስብስ፣ ሰላይ ነው አይደለም?

ጥገኝነት የሰጪውን ዓላማና የተቀባዩን ማንነት አታምታቱ። ክሱ ላይ ለውጭ መንግሥት ሠርቷል የሚል ቃል የለም፣ ሚስጥር ለማይገባው ሰው አሳልፎ ሰጠ ነው ሚለው። ፑቲን ተጠቀሙበት ማለት የፑቲን ሰው ነበር ማለት አይደለም። ጎረቤትህን ለማናደድ ብለህ የሱን ልጅ ብታሳድር ልጁ ምን አጠፋ?

ጥያቄ፦ ፑቲን ፑቲን ትላለህ፣ ስለ መብት ሚሰብኩን አውሮፓውያኖች ለምን አላስገቡትም? (ከፍራንክፈርት)

ይሄ ጥያቄ ተመቸኝ። ሃያ ምናምን አገር ጠይቆ አብዛኛው "መጀመሪያ አገራችን ገብተህ ነው ምታመለክተው" አለው፣ መግቢያው ተዘግቶ ግባ እንደማለት ነው። የሜርክል ስልክ መጠለፉ ኦክቶበር 2013 ሲሰማ ጀርመን ተንጨረጨረች፣ ሽትሮብለ የሚባሉት የአረንጓዴው ፓርቲ ሰው ሞስኮ ድረስ ሄደው አገኙት፣ መንግሥታቸው ግን ምስክር ሆኖ እንዲመጣ እንኳን አልፈቀደም። የብራዚሏ ፕሬዝዳንት ዲልማ የዋሺንግተን ጉብኝታቸውን ሰረዙ፣ እሱን ግን አላስገቡትም። በ2015 የአውሮፓ ፓርላማ ይጠለል ብሎ 285 ለ281 ድምፅ ሰጠ፣ ሚያስገድድ አይደለም፣ አንድም አገር አልሰማውም። ምክንያቱ ምንድነው ካላችሁ ከነዚህ መንግሥታት ብዙዎቹ ከኤንኤስኤ ጋር መረጃ ይቀያየራሉ፣ በአደባባይ ይቆጣሉ ማታ ማታ ይደዋወላሉ። የቦሊቪያው ኢቮ ሞራሌስማ ከሞስኮ ሲመለሱ ልጁን ደብቀው ይዘውታል ተብሎ ተጠርጥሮ አውሮፕላናቸው ቪየና አርፎ አደረ፣ የአገር መሪ እኮ ናቸው! ቦሊቪያ፣ ቬንዙዌላና ኒካራጓ ና ያሉት ከዛ በኋላ ነው፣ ያም ቢሆን ግማሹ ብሽቀት ነው።

ጥያቄ፦ ኢኳዶርስ? አሳንጅን ያስጠጋችው እሷ አይደለችም እንዴ? (ከቴል አቪቭ)

ናት። የያኔው ፕሬዝዳንቷ ኮሬያ በኦገስት 2012 ለዊኪሊክሱ ጁሊያን አሳንጅ ለንደን ኤምባሲያቸው ውስጥ ጥገኝነት ሲሰጡ የፕሬስ ነፃነት አባት መሰሉ፣ አገራቸው ውስጥ ግን ኤል ዩኒቨርሶ የሚባለውን ጋዜጣ ከስሰው በ40 ሚሊዮን ዶላር አስፈርደውበት ነበር (በኋላ ይቅር ብለዋል)። የስኖውደን ጊዜ ደግሞ አሜሪካ በንግድ እንዳታስፈራራን ብለው የቀረጥ ጥቅሙን ራሳቸው ወረወሩት፣ ጭራሽ ለአሜሪካ የሰብአዊ መብት ስልጠና 23 ሚሊዮን ዶላር እንሰጣለን አሉ፣ እኔ ያን ቀን ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። ከዛ ያኔ ምክትል ፕሬዝዳንት የነበሩት ባይደን ስልክ ደወሉላቸው፣ ድምፃቸው ቀዘቀዘ። አሳንጅም ቢሆን ፕሬዝዳንት ሲቀየር ኤፕሪል 2019 በፖሊስ ተጎትቶ ወጣ፣ ከወር በፊት አይኤምኤፍ ለኢኳዶር 4.2 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቅዶ ነበር፣ በዚህ ነው አልልም፣ ቀኑን ግን እዩት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባል የለ። ኮሬያ ራሳቸው በሙስና ተፈርዶባቸው በ2022 ከቤልጂየም ጥገኝነት አገኙ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ያየሁት ዘመን ነውና ልጠይቅህ፣ ሙጋቤ መንግሥቱ ኃይለማርያምን የተቀበሉበት ከዚህ በምን ይለያል?

አባቴ፣ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። የዚምባብዌ ታጋዮች ኢትዮጵያ ውስጥ ሰልጥነዋል፣ ሙጋቤ በ1991 የከፈሉት ብድር ነው። የፑቲኑ ቂም ነው፣ የሙጋቤ ውለታ። ግን አንዱ ሚስጥር ያወጣ ሠራተኛ ነው፣ ሌላው በዘር ማጥፋት የተፈረደበት መሪ፣ ሰዎቹ አይነፃፀሩም። በ2008 የሞት ፍርድ ሲመጣ ሐራሬ አልሰጥም አለች፣ ህግ ጠቅሳ ሳይሆን እንግዳችን ነው ብላ።

ጥያቄ፦ ለኛ ምናችን ነው ይሄ ሁሉ?

በ2017 ከስኖውደን ዶክመንቶች ውስጥ ኢንተርሴፕት የሚባለው የዜና ድረ ገፅ ያወጣውን አላየህም ማለት ነው። ኤንኤስኤ ከ2002 ጀምሮ ላየንስ ፕራይድ በሚል የሚስጥር ስም አዲስ አበባ ላይ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የመጥለፊያ ጣቢያ ነበረው፣ ኢትዮጵያውያን ቋንቋውንና ሰዉን፣ አሜሪካ መሣሪያውን አምጥተው። ስልክ ስታወራ ቸኩለህ "ኧረ በስልክ አይወራም" ምትለው ለካ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ጥያቄ፦ እኔ የጥገኝነት ኢንተርቪው ስጠብቅ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እሱ ባመለከተ በሁለት ሳምንት አገኘ። ይሄ ፍትህ ነው? (ከሜሪላንድ)

እህቴ፣ እውነትሽን ነው፣ ያናድዳል። ጁላይ 16 አመልክቶ ኦገስት 1 ተሰጠው። ያንቺ ኬዝ ሚታየው በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በተቀመጡት ምክንያቶች ነው፣ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የማህበራዊ ቡድን አባልነትና የፖለቲካ አመለካከት፣ የሱ የታየው ዋሺንግተን ምን ያህል ትናደዳለች በሚል ነው። ግን ልዩነቱን ልንገርሽ፣ ያንቺ ከፀደቀ በኋላ ግሪን ካርድ፣ ከዛ ዜግነት ይመጣል፣ መንገዱ ህግ ላይ የተፃፈ ነው። የሱ ዜግነት በ2022 ሴፕቴምበር 26 በፑቲን ፊርማ መጣ፣ ዩክሬን ላይ ወታደር ክተት በታወጀ በአምስተኛው ቀን። ጠበቃው "እሱ ሩሲያ ውስጥ ስላላገለገለ አይዘምትም" ብሎ ለጋዜጠኛ ማስረዳት ነበረበት። አድራሻሽን ከቀየርሽ ማሳወቅ እንዳትረሺ፣ ደብዳቤው አሮጌው ቤት ሄዶ ስንቱ ሰው ቀጠሮ አምልጦታል።