ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለጀመራችሁ ልጆች፦ ትራንስፈሩን ከአሁኑ አስቡበት

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በተለይ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምራችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር (ትራንስፈር ለማድረግ) ለምታስቡት ነው። አንዳንዶቻችሁ እዚሁ ተወልዳችኋል። አንዳንዶቻችሁ በዲቪ መጥታችሁ፣ ሌሊት ሺፍት ሠርታችሁ ጠዋት ክላስ ትሮጣላችሁ። እኔ እዚህ አገር ለረጅም ዓመታት በመሐንዲስነት ሠርቻለሁ፤ ወጣት መሐንዲሶችን ስንቀጥርም ተቀምጫለሁ። ዲግሪውን እናያለን፣ ሥራውን እንጠይቃለን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የት ተማርክ ብሎ ያፋጠጠ ሰው ግን አላየሁም። ስለዚህ ዘመድ ፊት የኮሌጃችሁ ስም ሲነሳ አትሸማቀቁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጆቹ "ይሄ ክላስ ትራንስፈር ያደርጋል?" ብለው ይጠይቃሉ። "አዎ" ይባላሉ፤ ይመዘገባሉ። ጥያቄው ግን ግማሽ ነው። ዩኒቨርሲቲው ክሬዲቱን ተቀብሎ እንደ ተጨማሪ የምርጫ ኮርስ ብቻ ሊይዘው ይችላል። ለሜጀራችሁ፣ ማለትም ለዋናው የትምህርት መስካችሁ፣ የግድ ከሚያስፈልጉት ውስጥ አይገባም። አሶሼት፣ ማለትም የኮሚኒቲ ኮሌጁ የሁለት ዓመት ዲግሪ፣ ወደ 60 ክሬዲት ነው፤ ባችለር አብዛኛውን ጊዜ 120። ሂሳቡ ሁለት ዓመት ቀረህ ይላል፤ ልጁ ግን ሦስት ዓመት ይማራል። ስለዚህ "በዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዚህ ሜጀር፣ በየትኛው ኮርስ ቦታ ይቆጠርልኛል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በኢሜይል አስጽፉት። ከኮሌጃችሁ አድቫይዘር (የትምህርት አማካሪ) ሌላ የምትሄዱበትን ዩኒቨርሲቲ አድቫይዘርም አነጋግሩ፤ ገና ተማሪያቸው ባትሆኑም ያነጋግሯችኋል።

ኢንጂነሪንግ ለምትፈልጉ ዋናው ጉዳይ ሒሳብ ነው። ካልኩለስ 1 ሳይያዝ 2 አይወሰድም፤ 2 ሳያልፍ 3 አይታሰብም። ፕሪካልኩለስን ለሁለተኛው ዓመት ያቆየ ልጅ ሰመር ቢማርም አይደርስም። ፊዚክስም ሁለት ዓይነት አለው። ኢንጂነሪንግ የሚፈልገው በካልኩለስ የሚሰጠውን ነው። ቀለል ያለውን ወስዶ ኤ ያመጣ ጎበዝ ተማሪ እንደገና ከሀ ሲጀምር ማየት በጣም ያሳዝናል። የጄኔራል ኢጁኬሽን (ሁሉም ተማሪ የሚወስዳቸው አጠቃላይ) ኮርሶች በኋላም ይደረስባቸዋል፤ ሒሳቡን አስቀድሙ።

የምትይዙትን የዲግሪ ዓይነትም እዩ። ከአሶሼት ዲግሪዎች ኤ.ኤ.ኤስ. (አፕላይድ ሳይንስ) የሚባለው በዋናነት ቀጥታ ሥራ ለመግባት የተዘጋጀ ነው። ጥሩ ዲግሪ ነው፤ ግን ዩኒቨርሲቲ ለመቀጠል ላሰበ ብዙ ጊዜ ኤ.ኤ. (አርትስ) ወይም ኤ.ኤስ. (ሳይንስ) ይሻላል።

በሩን አስቀድመው የከፈቱላችሁ መንገዶች አሉ። የቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተረጋገጠ ቅበላ ስምምነት አላቸው፤ አሶሼቱን ጨርሶ የተጠየቀውን ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ያመጣ ይገባል። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) እና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም አላቸው፤ ግን መጀመሪያ አካባቢ ነው የሚገባው፣ ሊጨርሱ ሲሉ አይደለም። ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ያላችሁ ደግሞ ሮክቪል የሚገኘውን የሼዲ ግሮቭ ካምፓስ ተመልከቱ። የተለያዩ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎች የመጨረሻዎቹን ዓመታት እዚያ ያስተምራሉ፤ ከቤተሰብ ሳይርቁ መጨረስ ይቻላል።

ገንዘቡን ሳልናገር አላልፍም። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ በዕድሜ ልክ 12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር ያህል ነው። የማይቆጠር ክላስ በወሰዳችሁ ቁጥር ከዚያ ላይ ይቀነሳል። እርዳታው ራሱ ተከትሏችሁ አይሄድም፤ ፋፍሳ (የእርዳታ ማመልከቻው) ላይ አዲሱን ትምህርት ቤት መጨመር አለባችሁ። ጂፒኤያችሁም አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ቦታ ከዜሮ ይጀምራል። ለመግባት ግን የሚታየው የድሮው ነው። ስለዚህ ሺፍት አብዝታችሁ አራት ክላስ ከምትወድቁ ሁለቱን በደንብ ይዛችሁ ማለፍ ይሻላል። ወላጆች ይህን ብታነቡልኝ፦ በፈተና ሳምንት ልጁን ከሥራ አሳርፉት።

ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ጀምራችሁ የመጣችሁ፣ ትራንስክሪፕታችሁን እዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት አስገምግሙ። የተማራችሁትን ሒሳብ ደግማችሁ አትክፈሉበት።

እያንዳንዱን ሲለበስ (የኮርሱን ይዘት የሚዘረዝረውን ወረቀት) አስቀምጡ። ዩኒቨርሲቲው ሲቀበላችሁ የክሬዲት ግምገማ ይደርሳችኋል። ዲፖዚት (የቦታ መያዣ ክፍያ) ከመክፈላችሁ በፊት መስመር በመስመር አንብቡት። ቦታውን ያላገኘ ኮርስ ካለ ሲለበሱን አያይዛችሁ ለዲፓርትመንቱ ጻፉ፤ እንደገና እንዲያዩላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።