የጉልበት ብረት እንደገና ይቀየር ሲባል

እህቴ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። የእናትሽ የጉልበት ብረት፣ ማለትም በተበላው መገጣጠሚያ ፋንታ የሚተካው ሰው ሰራሽ ጉልበት፣ ከገባ ስምንት አመት ሆኖታል፣ አሁን ያማታል፣ ይቀየር ተብሏል፣ እናሰራት ወይስ ይቅር ነው ያልሽው። እኔ አዳማ ነኝ፣ የእማዬን ሁለተኛውን ኦፕራሲዮን ከጎኗ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት።

ከምንም በፊት ለምን እንደተበላሸ ዶክተሩ በግልጽ ይንገርሽ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ስላመማት ብቻ ከተከፈተ ህመሙ እዛው የመቅረት እድሉ ሰፊ ነው። እማዬን ከዱካ ስትነሳ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ነበር የሚያንገበግባት፣ ትንሽ ስትሄድ ይለቃታል፣ ባጃጅ ላይ ስትወጣ ደግሞ ይነሳባታል፣ ተኝታ ግን ምንም አይላትም። ሐኪሟ ይሄን ሲሰማ ብረቱ ላልቶ ይሆናል አለ፣ ቆማ በተነሳችው ኤክስሬይም ብረቱን ከአጥንት ጋር በሚያጣብቀው ሲሚንቶና በአጥንቱ መሀል ጥቁር መስመር ታየ። ከድሮው ፊልም ጎን ሲያደርገው የታችኛው ብረት ዘንበል ማለቱ ለኔም ታየኝ፣ ስለዚህ የድሮ ፊልም ካላችሁ ቤቱን በርብራችሁም ቢሆን አግኙት።

ከሚያላሉት ነገሮች አንዱ በሁለቱ ብረቶች መሀል ያለው ፕላስቲክ ነው። በአመታት ሲፋቅ ብናኙ ይበተናል፣ ሰውነት ያንን ብናኝ አጠፋለሁ ሲል አጥንቱም አብሮ ይበላል፣ ብረቱም መያዣ ያጣል።

ሌሊት ጭምር የሚያማት፣ ጉልበቷም የሚሞቅና የሚያብጥ ከሆነ ኢንፌክሽን መጠርጠር አለበት። ምልክት ባይኖርም እንኳን ሳይጣራ እንዳይከፈት! ኢኤስአርና ሲአርፒ የሚባሉት የደም ምርመራዎች አሉ፣ ከጉልበቷም ፈሳሽ በመርፌ ተወስዶ ካልቸር ይሰራል፣ ባክቴሪያ ይበቅል እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ ማለት ነው። በናትሽ ከዛ በፊት ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ እንዳትሰጧት፣ ባክቴሪያው ይደበቅና ውጤቱ ንጹህ መስሎ ይመጣል።

ሌላው የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ወረቀት ነው። የብረቱ ካምፓኒ፣ ሞዴልና ሳይዝ የተጻፈበት ስቲከር ፋይሏ ላይ ይኖራል፣ የተሰራችበት ቦታ ጠይቁ። ፕላስቲኩ ብቻ የሚቀየር ቢሆን እንኳን ከዛው ሞዴል ጋር የሚገጥም መሆን አለበት፣ ካልተገኘ በደንብ የያዘውም ብረት አብሮ ሊነቀል ይችላል።

ሁለተኛው ብረት ከመጀመሪያው ይከብዳል። አጥንት ስለጎደለ መቅኔው ውስጥ የሚገባ ረጅም ዘንግ አለው፣ ጅማቶቹ ካልያዙ ደግሞ የላይኛውና የታችኛው ብረት እንደ በር ማጠፊያ የተያያዙበት አይነት ይገባል። ሰው ማጠፊያ ያለው ጠንካራ ነው እሱን አስገቡ ይላል፣ እኔ አልስማማም፣ ጅማት ይሸከመው የነበረው ጫና ወደ ብረቱና ወደ ሲሚንቶው ስለሚሄድ እንደገና ሊላላ ይችላል፣ ማጠፊያውም ራሱ ያልቃል ወይ ይሰበራል። ጅማቷ በቂ ከሆነ ቀለል ያለው ይበቃት እንደሆነ ጠይቂ። ዘንጉ የሚያልቅበት ቦታ ላይም አጥንት ሊሰበር ስለሚችል መውደቅ የለባትም። እማዬን አሁንም አንዳንዴ ቅልጥሟ ላይ እዛች ቦታ ያማታል፣ ግን ገበያ ደርሳ ትመጣለች፣ ቤተክርስቲያን መስገዱን ትታ ቆማ ታስቀድሳለች።

እናትሽን የሚያማት ስትነሳ ብቻ ነው ወይስ ሌሊትም? ደረጃ ስትወርድስ ይከዳታል? እሱን ጻፊልኝ።